ስለ ኔፓል ቅኔና ስለ አንድ የቆየ ዕዳ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተረዳ ሰው እንደሚረሳ ግን ሲነገር አልሰማሁም፤ እኔ ራሴ ምሳሌው ሆኜ ተገኝቻለሁና ነገሩን ዛሬ ልጽፈው ወደድሁ።

የእኅቴ ልጅ ለሥራ ወደ ዱባይ ሄዶ ሳለ ከአንድ የኔፓል ሰው ጋራ በአንድ ክፍል ያድር ነበር። ያ ሰው ማታ ማታ ከድካሙ ሲያርፍ በቃሉ የሚያዜመው ረጅም ግጥም እንዳለ ጽፎ አስታወቀኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ቅኔ ስቈጥር የኖርሁ ነኝና ነገሩ ልቤን ስቦት መጽሐፉን እንዲልክልኝ ለመንሁት። ኔፓልኛ አላውቅም፤ እንግሊዝኛንም የተማርሁት በአርባ ዓመቴ ከመዝገበ ቃላት ጋራ እየታገልሁ ነው። በእጄ የገባውም ማይክል ሃት የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ነበረ።

የእነርሱ ነገር ከእኛ ጋራ በአንድ በኩል ይመሳሰላል። እኛ ግእዝ እንዳለን እነርሱ ሳንስክሪት አላቸው። ባኑባክታ አቻርያ (ከ1814 እስከ 1868፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) የራማን ታሪክ ከሳንስክሪት ሕዝቡ ወደሚናገረው ወደ ኔፓልኛ መለሰው፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ባለቅኔ ይሉታል። ነገር ግን ቃሉን ከሕዝብ ቢወስድም የግጥሙን መጠን ከሳንስክሪት አላራቀውም። ላክሽሚ ፕራሳድ ዴቭኮታ (ከ1909 እስከ 1959) ግን በ1936 ሙና መዳን የተባለውን ድርሰት ሲያወጣ፥ መጠኑን ሳይቀር ከባላገር ዘፈን ወሰደ። ይህም ጅያውሬ የሚባለው በተራራው አገር የሚዘፈነው ነው፤ ሊቃውንቱም ይንቁት ነበር። እኔም የእረኛን ዘፈን እንደዚሁ ስንቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። ዴቭኮታ ሊሞት ሲቃረብ ሌላው ድርሰቴ ሁሉ ቢቃጠል ይቃጠል፥ ሙና መዳን ግን ይቅር ብሎ እንደ ተናገረ ይነገራል።

ታሪኩ አጭር ነው። መዳን የሚባል የካትማንዱ ሰው ለእናቱና ለሚስቱ ለሙና ሀብት ሊያመጣ ወደ ላሳ ይሄዳል። ሙና አትሂድ ብላ ብትለምነው አልሰማትም። በላሳም ካሰበው ቀን በላይ ይቈያል፤ ሲመለስም በመንገድ ይታመምና ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። አንድ ቦቴ አግኝቶ ወደ ቤቱ ወስዶ ያስታምመዋል። መዳን ድኖ ወርቅ ቢሰጠው ቦቴው አልቀበልም አለ። ቤቱ ሲደርስ ግን እናቱን በሞት አፋፍ አገኛት፤ ሙናም ባልሽ ሞተ የሚል የሐሰት ደብዳቤ ደርሷት ሞታ ነበር። የሰውየው ስም በእኛ አፍ ሲነበብ ሌላ ትርጉም ስላለው ቅኔ የለመደ ጆሮ ሳያስተውለው አያልፍም።

በትርጉም የሚነበብ ግጥም ምን ያህል እንደሚጐድል አውቃለሁ፤ በእንግሊዝኛው ጅያውሬው አይሰማኝም። ከዜማው ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ቦቴ የሚለው ቃል ነው። የቲቤት ወገን የሆነ ሰው ተብሎ ሊፈታ ይቻላል፤ ንቀቱ ግን አይፈታም። በ1854 የወጣው የኔፓል ሕግ ሰውን በትውልድ ሲከፍል ቦቴዎችን በባርነት ሊያዙ ከሚችሉት ወገን ቈጥሯቸው ነበር፤ ይህም ልዩነት ከሕጉ የወጣው በ1963 ነው። መዳን ግን ከከፍተኛው ወገን እንደ ተወለደ እየተናገረ ሳይጸየፍ የቦቴውን እግር ይነካል፤ ሰውም ትልቅ የሚሆነው በልቡ እንጂ በዘሩ አይደለም ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁ። መዝገበ ቃላት ያልፈታልኝን የራሴ ኑሮ ፈታልኝና።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፥ ከአንድ የቅኔ ቤት ወደ ሌላው ስንሻገር በቈላው መንገድ ንዳድ ያዘኝ። ጓደኞቼ ቀኑ ሲመሽባቸው ከዛፍ ሥር አስቀምጠውኝ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም፥ ልጆች ነበሩ። እንስራ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት አየችኝና ሸክሟን አውርዳ ባሏን ጠራች። ሁለቱ ተሸክመው ቤታቸው አስገቡኝ፤ ዘጠኝ ቀን አጥሚት እያጠጡ አስታመሙኝ። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል፤ በቤቱም የሚበላ አልነበረም። ድኜ ከጓደኞቼ ስደርስ ወዴት ነበርህ ቢሉኝ፥ በአንድ ገበሬ ቤት አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ለመምህራን ተቀኝቻለሁ፤ ለባለጸጎችም ድግሳቸውን በልቼ ተቀኝቻለሁ። ለእርስዋ ግን አንድ ቤት ቅኔ አልቈጠርሁም። መዳን ለቦቴው ወርቅ ሰጠ፤ እኔ ወርቅ አልነበረኝም፥ የነበረኝ ቅኔ ነበር፤ እርሱንም ነፈግኋት።

ባለፈው በጋ ወደዚያ ቈላ ወርጄ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ ማንን ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ፤ በዘጠኙ ቀን ሁሉ ስሟን አልጠየቅኋትም ነበርና። ሸክላ ሠሪዎቹም ከዚያ ስፍራ ከተነሡ ብዙ ዘመን እንደ ሆናቸው ነገረኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ የሩቅ አገር ቅኔ በሌላ ሰው ቋንቋ ተሻግሮ ሲመጣ ብዙ ነገር በመንገድ ይጥላል። እኔ ዘንድ የደረሰው ግን በቅቶኛል። ወዴት ነበርህ ላሉኝም ዛሬ እመልሳለሁ፤ በሸክላ ሠሪዎች ቤት ነበርሁ፥ ከእጃቸውም በልቼ ዳንሁ።