የትኛው ግራጫ?



በ2016 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ከወሎ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። የምታድርበት ክፍል ግድግዳ አርጅቶ ስለ ነበር ልናስቀባላት ተነሣን። ከቀለም መሸጫ ሁለት ናሙናዎች አመጣሁ፤ ሁለቱም ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ግራጫዎች ናቸው። እኔ ጠቆር ያለውን መረጥሁ፤ ባለቤቴ ፈካ ያለውን። ልዩነታቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን በሙከራ ልፍታው ብዬ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ቀባሁ። ከሱብሒ በኋላ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። በዙህር ሰዓት የእኔው አረንጓዴ ሆነ። ከመግሪብ በኋላ በአምፖሉ ብርሃን ሁለቱም ወደ ቢጫ አደሉ። ቀዩ ምንጣፍ ሲነጠፍ ደግሞ ይበልጥ አረንጓዴ መሰሉ። ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ አንድ ቀለም በብርሃኑና በአጠገቡ ባለው ቀለም የተነሣ ተለዋውጦ እንደሚታይ አስረድቷል። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ግን «የእኔ ዓይን አይሳሳትም» ብዬ ድርቅ አልሁ። ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን።

በመጨረሻ ቀቢው መጣና፣ «ክፍሉ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የእናቴ።»

«እሳቸውስ የትኛውን አሉ?»

ባለቤቴና እኔ ተያየን። እናቴ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷት የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቅ ነበር። ሞራ ቀለምን ያደበዝዛል፤ ተቀራራቢ የሆኑትን ያቀላቅላል። ወደ ግድግዳው አቀረብናት። ትንሽ ቆይታ፣

«ልጆቼ፣ ለእኔ አንድ ነው። ያስቸገረኝስ በሩ ነው። ከግድግዳው አልለይ ብሎኝ ሌሊት ለውዱእ ስነሣ በዳሰሳ ነው የምወጣው» አለች።

«ምነው እስካሁን ሳትነግሪን?»

«በቀለም ስትጣሉ እሰማለሁ። ሌላ ጣጣ ልጨምርባችሁ?»

አንገቴን ደፋሁ። ለእናቴ ሐቅ የተከራከርሁ መስሎኝ የተከራከርሁት ለራሴ ምርጫ ነበር።

ግድግዳው ባለቤቴ በመረጠችው ፈካ ባለው ግራጫ ተቀባ። በሩን፣ መቃኑንና የመብራቱን ማብሪያ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ አስቀባናቸው። እናቴ አሁን ሌሊት ስትነሣ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ አልሐምዱሊላህ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለአረጋውያን ወላጆቻችን ስናስብ አስቀድመን እነርሱን እንጠይቅ። ሳይጠየቁ አይናገሩምና።