«ገባችሁ?» አንልም

እንግዲህ በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሚኮነው በማርክ ነው። ሐምሌ ላይ ተመርቀን በአዲሱ ዓመት «ጂኤ» ተብለን፣ አምና ካፌ አብረውን ከተሰለፉ ልጆች ፊት ቆምን። ጂኤ በወጉ ረዳት ነው፤ መምህር ሲጠፋ ግን ሙሉ ኮርስ ይሸከማል።

ኤችዲፒ የሚባል የአንድ ዓመት ሥልጠና አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች ተጀምሮ በኋላ ለሌሎቻችንም ደረሰ። አሳታፊ ትምህርት፣ ተከታታይ ምዘና፣ የተግባር ምርምር፣ በየሳምንቱ የሚያብጥ ፖርትፎሊዮ... አንንቀውም። ግን ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎን በታሰረበት አዳራሽ «በቡድን ተወያዩ» ሲባል፣ ወዴት ይዞራል?

ማስተማርን ያየነው የአንድ አንጋፋ መምህር ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠን ነው። ሰውዬው «ገባችሁ?» አይሉም፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነዋ! «አሁን ያልኩትን ለጎረቤትህ ንገረው» ይላሉ፤ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በፈለገው። ከዚያ አንዱን አስነስተው በእንግሊዝኛ ያስደግሙታል። እንግሊዝኛው ሲሰባበር አይቆጡም፤ የሚያዳምጡት ሐሳቡን ነው። ልጁ የቸገረው ትምህርቱ ይሁን ቋንቋው የሚለየው ያኔ ነው። እኛ ዝም ያለውን ሁሉ ሰነፍ ብለን ብንጥለውስ ኖሮ? ስንቱ ከግቢ ይባረር ነበር!

የባልደረባን ክፍል ማየት ከሥራ ሰዓት አይቆጠርልንም፤ ለእድገትም የሚጠየቀው የታተመ ጽሑፍ ነው። ቢሆንም ማክሰኞ ማክሰኞ እንገባለን። ተማሪዎቹ «ኤፍ» ደጋሚዎች መስለናቸዋል፤ አንዷማ አዝናልን ኖቷን አዋሰችን።