ጥፋቱ የማሽኗ ነው አልን

ሰው የጀመረው ሥራ የተበላሸበት እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚፈልገው የብልሽቱን ምክንያት አይደለም፤ ጥፋቱን የሚሸከምለትን ነው። ይኸን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን በራሳችን የደረሰውን ለመናዘዝ ነው። ነገሩ የአንዲት የብየዳ ማሽን፣ የአንድ የግቢ በርና የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነገር ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ቁም ነገር ያለበት ስለ መሰለን ለመጽሔታችን አቀረብነው።

እኛ ሦስት የምህንድስና ተማሪዎች ከአንዲት እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ባለፈው ክረምት ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሰው ላይ ያገለገለች የብየዳ ማሽን በመዋጮ ገዛን። ማሽኗ በመንገድ ዳር እንደምናያት በዘንግ ኤሌክትሮድ የምትሠራ አይደለችም። በሆዷ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ የቶርቹን መጫኛ ሲነኩት አንዲት ትንሽ ሞተር ሽቦውን በቱቦ ውስጥ እየገፋች ታወጣዋለች። ሽቦው እሳቱን ይለኩሳል፤ ራሱም ቀልጦ ብረቱን ያያይዛል። የጋዝ ሲሊንደር መግዣ ስላልነበረን ያለ ጋዝ የሚሠራውን፣ ውስጡ እንደ ሸምበቆ ባዶ ሆኖ ዱቄት የተሞላበትን ባለ 0.9 ሚሊ ሜትር ሽቦ ገዛን። ዱቄቱ ሲቃጠል በሚያወጣው ጢስና በሚተወው ቅርፊት የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል። ሐሳባችን በክረምቱ አልጋና መደርደሪያ እየሠራን የዓመቱን ወጪያችንን ለመደጎም ነበር።

የመጀመሪያዋ ደንበኛችን የቤት አከራያችን ሆኑ። እማማ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሴት የግቢያቸው የብረት በር ማጠፊያዎች በዝገት ተበልተው ነበርና፣ አዲስ ማጠፊያ ብንበይድላቸው የግማሽ ወር ኪራይ ሊተዉልን ተስማማን። «ለባዳ ከምከፍል ልጆቼ ቢሠሩት ይሻላል» አሉን።

ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። እውነቱን ለመናገር ገና ስንጀምር ነገሩ ደስ አላለንም። ማሽኗ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳበት ምጣድ ትንጣጣለች፤ ፍንጣሪው በክንዳችንና በጫማችን ላይ ይዘንባል፤ ሽቦው አንዴ ቶርቹን ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንዴ ከመዳብ አፍንጫው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የብየዳውም መስመር ወደ ብረቱ ዘልቆ በመግባት ፈንታ እንደ ሻማ ጠብታ ከላይ የተቀመጠ፣ በጥቃቅን ቀዳዳም የተበሳሳ ሆነ። እኛስ ምን አደረግን? በሊማ ሞረድነው፤ በላዩም ጥቁር ቀለም ቀባነው። ቀለም ብዙ ኀጢአት ይሸፍናል። እማማም «እጃችሁ ይባረክ» ብለው መረቁን፤ እኛም ሳናፍር ምርቃቱን ተቀበልን።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የእማማ የልጅ ልጅ ዳቦ ልትገዛ በሩን ከፍታ ወጣች። እርስዋ እንዳለፈች በሩ ከላይኛው ማጠፊያ ተገነጠለ፤ የታችኛውም ተከተለ፤ ያ ሁሉ ብረት ከኋላዋ ተዘረጋ። በእርስዋና በበሩ ጫፍ መካከል የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ድምፁን ሰምተን ስንወጣ ልጅቱ የዳቦውን ብር ጨብጣ ቆማ ነበር፤ አላለቀሰችም።

እማማ አልተቆጡንም። «እግዚአብሔር አተረፋት» ካሉ በኋላ በሩን በድንጋይ አስደግፈን እንድናቆመው ብቻ ነገሩን። በዚያች ሌሊት ግን በሩ የማይቆለፍ ስለሆነ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አየናቸው። ተራውን እኛ እንውሰድ ብንላቸው «ተኙ፤ ነገ ትምህርት አለባችሁ» አሉን። ክረምት ስለ ነበር ትምህርት እንደሌለን እርሳቸውም ያውቁ ነበር።

በማግሥቱ የምርመራ ጉባኤ አቋቋምን። ተከሳሾቹ ሦስት ነበሩ፤ እነርሱም ማሽኗ፣ መብራቱና ሽቦው ናቸው። ከሳሾቹም ዳኞቹም እኛው ነበርን።

በመጀመሪያ መብራቱ ቀረበ። ማሽኗን የምናገናኝበት ማራዘሚያ ገመድ 30 ሜትር ርዝመት፣ የመዳቡም ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 60 ሜትር ነው፤ የገመዱ ተቃውሞ ወደ 1.4 ኦም ይደርሳል። እንግዲህ ማሽኗ 15 አምፒር ስትስብ 21 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ከ220 ቮልት ለማሽኗ የሚደርሳት 199 ብቻ ነው። ከዚህም በላይ 315 ዋት የሚያህል ኃይል ገመዱን በማሞቅ ይባክናል፤ እኛ ደግሞ ገመዱን እንደ ተጠቀለለ ነበር የምንሠራበት። ይኸን ሒሳብ በወረቀት ላይ ባገኘን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ወፍራምና አጭር ገመድ ተበድረን ሞከርን። እሳቱ በጥቂቱ በረታ፤ ብየዳው ግን ያው ነበር። ሒሳባችን ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር።

ቀጥሎ ሽቦው ተፈረደበት። ሌላ ጥቅል ገዛን፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ወደ ማሽኗ ዞርን። የቮልቱንና የሽቦውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለምናዞር የቱ ምን እንዳደረገ ለመለየት አልቻልንም። ሽቦው ሲንሸራተት ገፊውን መሽከርከሪያ አጠበቅነው፤ ባዶው ሽቦ ተጨፍልቆ በቱቦው አፍ ላይ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ተቆለለ። በዚህ ሁኔታ አሥር ቀን አለፈ። እማማም አሥር ሌሊት በረንዳ ላይ አመሹ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ክፍል ደረስን። ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ በያጅ አለ። በየቀኑ ስናልፍ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» እንለዋለን፤ እርሱም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ አጸፋውን ይመልሳል። ስንንጣጣ፣ ስንጨስና ስንጣላ አሥሩን ቀን ሁሉ ሲሰማን ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቅነውም? አንዳችን ኩራት ነው አለ፤ ሌላው ጊዜ አጣን አለ። እውነቱ ግን ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እኛ ያጣነውን ያገኛል ብለን አለማሰባችን ነው።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሞያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ ማዋረድ አገርን ከሞያ እንደሚያራቁት የተረዱ ይመስለናል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛም በዚህ ነገር ላይ ስንከራከር ያመሸንባቸው ቀኖች አሉ፤ ሦስታችንም ሁልጊዜ ለሠራተኛው ቆመን ነበር። ስድቡ በእርግጥ ከአፋችን ጠፍቷል። ከእግራችን ግን አልጠፋም፤ አሥራ ሁለት እርምጃ የማይሞላ መንገድ ለመሻገር አሥር ቀን ፈጅቶበታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድን። ጋሼ ምንም ሳይል ተከትሎን መጣ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ማሽኗን መንካት አልነበረም፤ «እስቲ በይዱ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን አዳመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ይኸ ፈንዲሻ ነው። ደኅና ብየዳ ሽንኩርት በዘይት ሲቁላላ ያለውን ድምፅ ያሰማል» አለን።

ከዚያ ብረቱን የሚነክሰውን የመመለሻ ገመድ መቆንጠጫ አነሣው። መቆንጠጫው የነከሰው የበሩን አሮጌ ቀለም ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ዝገትም ክፉኛ ያደናቅፋል። ጋሼ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በሊማ ፋቀና መቆንጠጫውን እዚያ አስነከሰው። የሚበየደውንም ቦታ እንዲሁ አስፋቀን። ድምፁ ወዲያው ተሻሻለ፤ ገና ግን አልጠራም።

ቀጥሎ «ይኸ ሽቦ በጋዝ የሚሠራው ነው ወይስ ያለ ጋዝ?» ሲል ጠየቀ። ያለ ጋዝ ነው አልነው። «እንግዲያው በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ፤ እኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም» አለ። አነበብን። ቶርቹ ከኔጌቲቭ ጋር መገናኘት አለበት ይላል። ያ ጽሑፍ በክፍላችን፣ በአልጋችን ራስጌ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጧል። ማሽኗን ከመብራቱ ነቅለን የጎኗን ክዳን ስንከፍት የቶርቹ ገመድ በፖዘቲቩ ላይ ታስሮ አገኘነው። የቀድሞ ባለቤቷ በጋዝና በደንዳና ሽቦ ይሠራባት ስለ ነበር ለእርሱ ትክክል ነበር፤ በጋዝ የሚሠራው ሽቦ ፖዘቲቭ ይፈልጋልና። የእኛው ባለ ዱቄት ሽቦ ግን የተሠራው ለተቃራኒው ነው። ሁለቱን ገመዶች በካቻቢቴ ፈትተን አለዋወጥናቸው። ማንበብ የምንችለው እኛ ነበርን፤ አንብቡ ያለን ግን እርሱ ነው።

የቀረው ቀላል ነበር። ገፊውን መሽከርከሪያ አላላው፤ ሽቦው እንጨት ሲነካ ሳይንሸራተት ታጥፎ የሚወጣበትን ያህል ብቻ አጠበቀው። የመዳቡ አፍንጫ ለ0.9 ሽቦ የሚሆነው መሆኑን አየ፤ ተበልቶ ስለ ነበር ቀየርነው። ከአፍንጫው የሚወጣው ሽቦ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንዲሆን፣ ቶርቹንም ወደ ፊት ከመግፋት ወደ ራሳችን እንድንስበው አሳየን፤ በመግፋት ጊዜ ቅርፊቱ ወደ ቀለጠው ብረት ይገባልና። መቆጣጠሪያዎቹንም አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ እንድናዞር አዘዘን። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሰማን።

ወደ በሩ ልንሮጥ ስንል ግን ጋሼ ከለከለን። ሁለት ቁራጭ ብረት አስበየደንና በሞርሳ አሥሮ በመዶሻ መታው። የመጀመሪያው ተሰበረ፤ ብየዳው አንዱን ብረት ብቻ ይዞ ሌላውን ሳያቀልጠው እንደ ቀረ በዐይናችን አየን። ሁለተኛውም ተሰበረ። ሦስተኛው ግን ታጠፈ እንጂ አልተላቀቀም። «አሁን ሂዱ። ብየዳ በመዶሻ ነው የሚታወቀው፤ በቀለም አይደለም» አለን። ቀለሙን ከመንገዱ ማዶ አይቶት ኖሯል።

በሩን በዚያው ቀን መልሰን ሠራነው። ለድካሙ ልንከፍለው ብንፈልግ ጋሼ እምቢ አለ። ይልቅስ ገመድ ተጠቅልሎ ሲሠሩበት ለምን እንደሚሞቅ ጠየቀን። በዘመኑ ሁለት ገመድ ቀልጦበታል፤ ዘርግቶ መሥራት እንደሚበጅ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን የነገረው የለም። ያን የ21 ቮልት ሒሳባችንን አመጣንለት። የእርሱንም ገመድ ለክተን አሰላንለት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወፍራሙን ገዛ። ስለዚህ ትምህርታችን ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ብቻውን በቂ መስሎን ነበር ለማለት ነው።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለች ማሽን ያለችው ቢኖር ተራውን እንንገረው፤ መጀመሪያ መቆንጠጫውና ንጹሕ ብረቱ፣ ቀጥሎ የገመዶቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፣ ከዚያ የመዳቡ አፍንጫና ገፊው፣ በመጨረሻም መቆጣጠሪያዎቹ ይታዩ። እኛ በመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ ሄድን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ደግሞ በር ይወድቃል።

እማማ የግማሽ ወሩን ኪራይ እንተውላችሁ አሉን፤ አልተቀበልንም። በሩን በመጀመሪያው ማታ ስንቆልፈው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞክረው ወደ ቤት ገቡ። ልጅቱ ግን እስከ አሁን በዚያ በር ስታልፍ ትሮጣለች። እርስዋ ቀስ ብላ እስክታልፍ ድረስ ሥራችን አለቀ ለማለት አንደፍርም።