አዲሱ ባሩድ በአያቴ ውጅግራ

የአድዋ ድል በመድረክ ላይ ሲታይ ጦርና ጋሻው፣ ነጋሪቱና ፈረሱ ይታወሳሉ፤ ጠመንጃው ግን ብዙውን ጊዜ ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ተውኔት መጻፍ ሳልጀምር ስለ ጠመንጃ የማውቀው ከዚህ አይበልጥም ነበር። ያስተማረኝ አውራ ጣት የሌለው እጅ ነው።

ነገሩ የሆነው በመንዝ፣ በአያቴ የሙት ዓመት ዋዜማ ነው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ከግድግዳ ላይ የተሰቀለው ውጅግራ ለአያቴ ክብር አንድ ጊዜ እንዲተኮስ ዘመድ ሁሉ ተመኘ። ቀለሁም እርሳሱም ነበረ፤ ጥቁሩ ባሩድ ግን አልነበረም። እኔም የዘመናዊ ጠመንጃ ጥይቶች ፈትቼ ባሩዱን በቀለሁ ውስጥ እስከ አፉ ሞላሁት። «ባሩድ ያው ባሩድ ነው» አልሁ፤ የተማርሁ ነኝና የተከራከረኝ አልነበረም።

አጎቴ የተረፈውን ባሩድ በመዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሸተቱት። «ድኝ ድኝ አይልም፤ እጅም አያጠቁርም። የዚህ ጠመንጃ ምግብ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያም ዘወትር ከጋቢያቸው ሥር የሚሰውሩትን ቀኝ እጃቸውን አወጡ። በወጣትነታቸው እኔ ያደረግሁትን አድርገው ኖሯል፤ የጠመንጃው ብረት ፈንድቶ አውራ ጣታቸውን ወሰደው። እኛ ልጆች ግን ጠላት እንደ ቆረጠው እናምን ነበር፤ እርሳቸውም አላረሙንም ነበር።

የአጎቴ እጅ የነገረኝን ኋላ በመጻሕፍት አገኘሁት። ውጅግራ፣ ማለት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው፤ የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ በአንድ እየጎረሰ 5 ግራም በሚያህል ጥቁር ባሩድ ይተኩሳል። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር። ጭስ አልባውን ባሩድ ግን ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ከናይትሮሴሉሎስ ሠራ፤ ከ2 ዓመት በኋላም ሌበል የተባለ ሌላ ጠመንጃ ተበጀለት። በእኩል ሚዛን ቢሰፈር የአዲሱ ኃይል ከጥቁሩ እጅግ ይልቃል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ቃጠሎው ይፈጥናል፤ ቃጠሎው በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል። ለጥቁር ባሩድ የተበጀ ብረት ይህን አይችልም። ዛሬ በጥንቱ አምሳል የሚሠሩት ባለ አንድ ጎራሽ ጠመንጃዎች እንኳ፣ ብረታቸው ቢጠነክርም፣ ሠሪው ከፈቀደው የባሩድ ዓይነትና ልክ ውጪ ሊጎርሱ አይገባም።

ቅርስን መውደድ ጠባዩን ከማወቅ ጋር ካልተጋባ፣ ቅርሱንም ወዳጁንም ያጠፋል። ታሪክን ወደ መድረክ የምናወጣ ከያንያንም ሆንን የምናስተምር መምህራን ይህን ልንዘነጋ አይገባም።

በማግሥቱ ውጅግራው አልተተኮሰም። በተኩሱ ፈንታ አጎቴ ፎከሩ፤ ቀኝ እጃቸውንም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ወደ ላይ አነሡ።