ወደ ጨንቻ በእግር

ወዳጅን በቤት ሳሉ መውደድ ቀላል ነው፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ያድራልና። የወዳጅነት መፈተኛው መንገድ ነው። ስንቅ ሲያንስ፥ ሸክም ሲከብድ፥ ጉም ሲወርድ፥ ሰው የጓደኛውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ጠባይ ይመለከታል። እኛ ሁለት ጓደኞች ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ በእግራችን ሄደን ያገኘነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚህ ነው።

የጉዞው አሳብ የመጣልን በስዊድን አገር ብዙ ዘመን ከኖረ አንድ ዘመዳችን ነው። በዚያ አገር ማንም ሰው በሌላው መሬት ላይ በእግሩ እንዲያልፍ፥ ከዱሩም ፍሬ ለቅሞ እንዲበላ፥ ከቤት ራቅ ብሎ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ እንዲያድር የቆየ ልማድ ይፈቅድለታል። ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ተጠቅሷል። ብቻ መንገደኛው የተዘራውን እንዳይረግጥ፥ ከሰው ጓሮ እንዳይገባ፥ ያገኘውንም እንዳያበላሽ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የስዊድን ወጣቶች በበጋ ወራት ሁለት ሦስት እየሆኑ፥ ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው አዝለው ደኑንና የሐይቁን ዳር ያቋርጣሉ። ዘመዳችን ይህን አጫውቶን ሲያበቃ የራሱን ድንኳን አዋሰን። እኛም «በአገራችንስ እንዲህ መጓዝ ለምን ያቅተናል?» ተባብለን ተነሣን።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ገና ሳይነጋ ወጥተን፥ ወደ ሶዶ በሚወስደው ጐዳና ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ጀመርን። ከበታች ሙዙና ማንጎው በሙቀት ውስጥ ቀረ። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ነፋሱ ይበርድ፥ ቀርከሃውና እንሰቱም ይበዛ ነበር። ዘወር ብለን ስንመለከት አባያ ቀላ ብሎ፥ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ጐን ለጐን ተኝተዋል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው የምድር ጀርባ ይታያል። በዚያ ሰዓት ድካማችንን ሁሉ ረስተን ነበር።

ነገር ግን ድንኳኑ ከበደ። በየተራ እንድንሸከመው ተስማምተን ሳለ፥ ከቀትር በኋላ ተራው የማን እንደ ሆነ መከራከር ጀመርን። ከኛ አንዱ «መጀመሪያም ይህን አንይዝ ብዬ ነበር» አለ፤ ሌላውም «ሌሊቱን በብርድ ስታድር ታመሰግነኛለህ» ብሎ መለሰ። ከአንድ የመንገድ መለያያ ስንደርስ ደግሞ አንዱ በአቋራጩ፥ ሌላው በዋናው መንገድ እንሂድ አለ። እንግዲህ ምን እንላለን? በቍጣ ተለያየን። በዚያው ሰዓት ጉሙ ወረደና አሥር ርምጃ ርቆ ያለውን ነገር ማየት አስቸገረ። ድንኳን የያዘው ስንቅ አልነበረውም፤ ስንቅ የያዘው ድንኳን አልነበረውም። የሁለት ሰው ሸክም ለየብቻ ሲሆን ምን ያህል የማይረባ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳን።

ድንኳን የያዘው ሊመሽ ሲል በጉሙ ውስጥ ዝሆን የቆመ መስሎት ደነገጠ። ቀረብ ብሎ ሲያየው የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ነው፤ ደጁ እንደ ኵምቢ ወደ ፊት ወጥቶ፥ የምድጃው ጢስ በክዳኑ መካከል ሁሉ ይተናል። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ስለ ሆኑ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ።

«ልጄ፥ ማደሪያ ይዘህ ምግብ የለህም፤ ምግብ የያዘው ጓደኛህ ወዴት አለ?» ብለው ጠየቁት። መልስ ሲያጣ ጊዜ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ሁለቱን ልጆቻቸውን መብራት አስይዘው ላኩ። ስንቅ የያዘውንም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በብርድ ሲንቀጠቀጥ አገኙት።

በቤቱ ውስጥ በአንድ ወገን ከብቶቹ ታስረዋል፤ በመካከል እሳቱ ይነዳል። የቤቱ እመቤት ቆጮ ጋግረው ከዳጣና ከማር ጋር አቀረቡልን። እኛ ግን አንዳችን የአንዳችንን ፊት ሳናይ እሳቱን ብቻ እንመለከት ነበር። ሽማግሌው ይህን አይተው ወደ ውጭ ወጡ፤ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተመለሱና በመካከላችን አኖሩት።

«ልጆቼ፥ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አልጠይቃችሁም። በዚህ ቤት ግን ተኳርፎ የሚበላ እንግዳ የለም» አሉን።

ሁለታችንም ተነሥተን ተሳሳምን። ማን አስቀድሞ ይቅርታ እንደ ጠየቀ እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማማንም።

ይህ የሣር ነገር በጋሞ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሰዎች በተገደሉና በተፈናቀሉ ጊዜ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቶች ለመበቀል በቍጣ ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩንና አባቶቻቸውን ተራምደው መሄድ አልሆነላቸውምና ተመለሱ። በዚህም በደሉን ያልሠሩ የከተማይቱ ነዋሪዎች ከጥፋት ዳኑ። ያን ያህል ቍጣ ያቆመ ሣር በሁለት ጓደኞች መካከል በድንኳን ምክንያት ሲቀመጥ አይተን እጅግ አፈርን።

በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው ድንኳናችንን አገላብጠው ተመለከቱና «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«አባታችን፥ የሚታጠፍና የሚሸከሙት ቤት ነው» አልናቸው።

ሳቁና «የእኛንም ቤት ይሸከሙታል» ብለው ቤታቸውን አስጐበኙን። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቈርጠው ይጥሉታል፤ ስለዚህ ቤቱ ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ቁመቱ ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ያስፈለገ እንደ ሆነ ሙሉውን ከመሬት አንሥተው ይሸከሙታል። «ነገር ግን» አሉ ሽማግሌው፥ «አንድ ሰው አይችለውም፤ ጐረቤት ሁሉ ይጠራል። ከጐረቤቱ የተጣላ ሰው ቤቱ ካለበት አይነሣለትም።»

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። በዶርዜ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሠራሉ። ጥጡ ከቈላ ይመጣል፤ ጋቢውና ነጠላው እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። እመቤቲቱም ከጓሮ እንሰት ቈርጠው ይፍቁ ጀመር። ተፍቆ በጉድጓድ የተቀበረው እንሰት ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ እህል ባነሰ ጊዜም ቤተ ሰቡን የሚያኖረው እርሱ ነው። ለማደሪያው ዋጋ እንስጥ ብንል አልቀበልም አሉን፤ በብዙ ልመና ስኳራችንንና ቡናችንን ብቻ ተቀበሉ።

በዚያው ቀን ጨንቻ ገባን። አርባ ምንጭ ሳትቈረቈር የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ይህች ነበረች። ሹመቱና መሥሪያ ቤቱ ወደ ቈላ ቢወርድባትም፥ ብርዷና ጉሟ፥ ገብሷና የታወቀው ፖም ከእርሷ ጋር ቀርቷል። ከገበያው ፖም ገዝተን በላን፤ ሻንጣውንም ያለ ክርክር ተቀባበልን።

ስንመለስ ድንኳኑን ለዘመዳችን አንድ ጊዜ እንኳ ሳንዘረጋው እንደ ታጠፈ መለስንለት። በስዊድን መንገደኛውን ምድሪቱ ትቀበለዋለች፤ ይህም መልካም ሕግ ነው። በጋሞ ደጋ ግን የተቀበለን ሰው ነው፤ የተቀበለንም ከነጠባችን ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚጓዝ ሰው እርሻ አለመርገጡ ብቻ አይበቃውም፤ ከሰው ቤት ሲገባ ጠቡን ከደጅ አኑሮ መግባት ይገባዋል። ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ መንገድ የምትልኩ ወላጆች ሆይ፥ ስንቁን ስታስሩላቸው ይህንም ንገሯቸው።