ከጉበኑ ላይ የተጻፈ ስም

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው የአገሩ ቤት መስኮት ለምን ጠባብ እንደሆነ አይጠይቅም። እኔ በዚህች ከተማ የማበጃቸው መስኮቶች ግን ነፋስ አያስገቡም፤ የኮምፒዩተር መስኮቶች ናቸው። ቢሆንም መቃንም ጉበንም አላቸው። የዛሬው ጨዋታዬም ስለ ጉበናቸው ነው።

በኮምፒዩተር ላይ የሚከፈት መስኮት ሁሉ ሁለት ባለቤት አለው። ውስጡ የፕሮግራሙ ነው። ዙሪያውን የከበበው ክፈፍና የፕሮግራሙ ስም የሚጻፍበት የላይኛው መደብ፣ እኔ ጉበን የምለው፣ የዊንዶውስ ነው። በሙያው አጠራር ውስጡ «የደንበኛው ክልል» ሲባል ክፈፉ «ደንበኛ ያልሆነው ክልል» ይባላል። እንግዲህ ፕሮግራም ጸሐፊው ተከራይ ነው ማለት ነው፤ ሳሎኑን እንዳሻው ይቀባል፣ የግቢውን በር የሚቀባው ግን አከራዩ ነው።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ችግር አልነበረም። ለእኛ ግን ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያሳዩት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ምልክት ነው፤ የ«ሀ»ን ወይም የ«ለ»ን መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ፎንቱን የምመርጠው እኔ ስለሆንኩ አማርኛው አምሮ ይወጣል። ጉበኑ ላይ ግን ዊንዶውስ በራሱ ፎንት ስለሚጽፍ ያው ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል።

በዚያን ጊዜ ለአንድ የገብስና የባቄላ ነጋዴ የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውስጡ አማርኛ፤ ራስጌው ምንድን ነው? የመጋዘኔ ስም እኮ ከበሩ በላይ በአማርኛ ነው የተጻፈው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱ የኔ ቦታ አይደለም» ብላቸው እውነት ነበር፤ ለእሳቸው ግን መልስ አይሆንም።

ሁለት መንገድ ነበረ። የመጀመሪያው ወደ ዊንዶውስ ማስተካከያ ገብቶ የጉበን ጽሑፍ ሁሉ በግዕዝ ፎንት እንዲወጣ ማዘዝ ነው። ያኔ የመጋዘኑ ስም ይስተካከላል፤ በእንግሊዝኛ የተሰየመው ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ግን በተራው የግዕዝ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጎረቤትን አፈናቅሎ ቤት እንደ መሥራት ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ በቪዥዋል ቤዚክ ክፈፉን ጨርሶ አነሣሁና ጉበኑን ራሴ ሣልኩ።

ክፈፍ ያነሣ ሰው ግን የክፈፉንም ሥራ ይወርሳል። መዝጊያዋን «ኤክስ»፣ ማሳነሻውን፣ ማስፊያውን አንድ በአንድ መሥራት ነበረብኝ። መስኮቱን በማውስ ይዞ መጎተትም ቀረ። መላው አንዲት ነጭ ውሸት ሆነች፦ ሰው የሣልኩትን ጉበን ሲጫን «የተነካው ያንተ ጉበን ነው» የሚል መልእክት ለዊንዶውስ እልካለሁ፤ እሱም አምኖ መስኮቱን ያንቀሳቅስልኛል። ሽማግሌው የመጋዘናቸውን ስም ከላይ ሲያዩ ጣታቸውን በመስተዋቱ ላይ እያስኬዱ ፊደል በፊደል አነበቡት።

የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ከጊዜ በኋላ ተወገደ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ስም ጉበን ላይ ለመጻፍ መቃን መንቀል አላስፈለገም።

ዛሬ ክፈፍ የሚነሣው ለጌጥ ነው። እኔ ዘንድ ሥራ የሚለማመዱ ወጣቶች መዝጊያውን ወደ ግራ ያዛውራሉ፤ ጠርዙን ያጠፋሉ። ዊንዶውስ 11 ክፈፉ ሳይነሣ የጉበኑን ቀለም መለወጥ ይፈቅዳል። ይህን ስነግራቸው «ጋሼ፣ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል» ይሉኛል። እንዲሆን ነው እንጂ! ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ ኮምፒዩተር የለመደች ገንዘብ ያዥ መዝጊያውን የምታገኘው በሁሉም ዘንድ አንድ ቦታ ስለሆነ ነው። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ ክፈፉ ግን የጋራ ነው።

በአማርኛ በተተረጎሙ ፕሮግራሞች ይህ ጉበን «የርዕስ አሞሌ» ይባላል። የተርጓሚዎቹን ምርጫ ወድጄዋለሁ። ከአንኮበር ግርጌ፣ በአልዩ አምባ ገበያ፣ የጨው አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው ሰጪም ተቀባይም ቅርጹን ስለሚያውቁት ነበር። ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ግን ዋጋው ይወርድ ነበር።