አንድ ተክል በሁለት ከተማ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ሲጨርስ ደሴ ላይ የደረብነውን ጋቢ እናወልቃለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው የአራት ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት አለ። ተክል ግን የሚደርበውም የሚያወልቀውም ጋቢ የለውም። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ፈርን ነው።

እናቴ (አላህ ይዘንላት) ኮምቦልቻ በረንዳዋ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከለችው፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ፈርን ነበራት። ከዉዱእ የተረፈውን የማንቆርቆሪያ ውሃ ጧትና ማታ ታጠጣው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ከታላቅ እህቴ ጋር ለሁለት ተካፈልነውና ድርሻዬን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። እንደ እናቴ ጧትና ማታ አጠጣሁት፤ ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬም መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። በቅጠሎቹ ጀርባ የተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ሳይ በሽታ መስሎኝ ቅጠሎቹን ቆረጥኩ። ወሩ ሳያልቅ ተክሉ ጠወለገ።

እታለም ልትጠይቀኝ መጥታ አየችው። ከቆርቆሮው አውጥታ የጠቆረውን ሥሩን አሳየችኝና፣ «የእናታችን ውሃ ለኮምቦልቻ ሙቀት ነበር፤ አንቺ ደሴ ላይ አሰመጥሽው» አለችኝ። በሙቀት ውሃው ቶሎ ይተናል፤ በብርድ ግን አፈሩ ውስጥ ስለሚቆይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቀጥተኛ ፀሐይም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። እነዚያ ነጠብጣቦችም በሽታ አልነበሩም። ፈርን አበባና ፍሬ የለውምና የሚራባባቸውን ብናኞች የሚይዘው እዚያ ነው።

እታለም የበሰበሰውን ሥር ቆርጣ ጣለች። የቆርቆሮውን ታች በምስማር በሳችና የተረፈውን በጥቁር አፈር፣ በአሸዋና በበሰበሰ ቅጠል ድብልቅ ተከለችው። ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጋም ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ደፋችበት፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በ1829 እ.ኤ.አ. በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በቅሎ ካገኘ ወዲህ፣ ብዙ ተክሎች በዚሁ ዘዴ በመስታወት ሣጥን ባሕር ተሻግረዋል። ውሃውንም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ላዩ ደርቆ ሳገኘው ብቻ እንድሰጠው አዘዘችኝ።

በሐረጎ በኩል ስናልፍ ከየጎፍ ደን ጥላ ሥር ፈርን ማየት ይቻላል። እባካችሁ ከዚያ አትንቀሉ፤ ደኑ ይራቆታል። ፈርን ከሥሩ ተከፍሎ ስለሚባዛ ከጎረቤት መካፈል ይበቃል።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አዲስ ቅጠል እንደ ሕፃን ጡጫ ተጠቅልሎ ብቅ አለ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓመት ባቲ ላለችው ለእታለም ልጅ አካፍላታለሁ። ባቲ ከኮምቦልቻም ይሞቃልና፣ ጥላና ውሃ እንዳታጓድልበት ከወዲሁ ነግሬያታለሁ።